ገመዱ ክፍል ሁለትን ያየ ዕለት

ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ወገቡን በቀበቶ አስሮ፣ ሃያ ፎቅ ባለው ሕንፃ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ በጨለማ ተንጠልጥሎ ይውላል። ባልደረቦቹ «ገመዱ» ብለው ስም ያወጡለትም ለዚሁ ነው። ስሙ ከሥራ ቦታ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ቤት ገብቶ አሁን ሚስቱም ካልተቆጣች በቀር በሌላ ስም አትጠራውም። ሲሠራ ያየው ሰው ሁሉ «የሱ ልብ የብረት ነው» ይላል። ገመዱ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ መፍቻውን ይጠራርጋል። የብረት አለመሆኑን እሱ ራሱ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ያሳወቀው ደግሞ አንድ ፊልም ነው።

ነገሩ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ሠርጋቸው ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ያኔ እጮኛው የነበረችው ፋርማሲስት «ከተማው ሁሉ የሚያወራው ፊልም አለ» ብላ ሲኒማ ቤት ወሰደችው። ሙታን ከተኙበት ተነስተው ሰው የሚያሳድዱበት፣ የተነከሰ ሁሉ በተራው ዞምቢ የሚሆንበት ፊልም ነበር። ገመዱ እስከ መሀሉ ድረስ ጥርሱን ነክሶ ቆየ። ከዚያ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሊፍት በር ቀስ ብሎ ተከፈተና ሙታኑ ተግተልትለው ወጡ። እሱ ያን ጊዜ ገና ሥራ ለማጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲከፍትና ሲዘጋ የሚውለው እንዲህ ያለውን በር ነው። ቀጥሎ የሆነውን አያስታውስም። ራሱን ያገኘው ውጭ፣ ከአንድ ጋዜጣ መሸጫ ኪዮስክ ጀርባ፣ ትንፋሽ አጥሮት ተቀምጦ ነው።

ሊያገባት ሁለት ወር የቀረውን ሴት ጥሎ ነበር የሮጠው።

እንደምንም ራሱን አረጋግቶ ሲመለስ፣ እጮኛው መግቢያው ላይ ፈንዲሻ ከሚሸጥበት ባንኮኒ አጠገብ ቆማለች።

«የት ሄድክ?» አለችው።

«ከሥራ ቦታ ተደውሎልኝ ነው።»

«እኔም አንተን ፍለጋ ወጣሁ» አለች። በዚሁ ተያይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

ገመዱ ዝምታዋን ለራሱ በሚመስለው መንገድ ተረጎመው። አውቃለች፣ ግን እንዳላፍር ብላ ዝም አለች ብሎ ደመደመ። ተጋቡ፣ ሴት ልጅ ወለዱ፤ ነገሩ ግን ከሆዱ አልወጣም። ሚስቱ ሰው በተሰበሰበበት «የኔ ባል እኮ ደፋር ነው» ባለች ቁጥር እንደ አሽሙር ይሰማዋል።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ሚስቱ ከፋርማሲ ስትመለስ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «ክፍል ሁለት ወጣ» አለች።

«የምኑ?»

«የዚያ ፊልም። የሙታኑ።»

ገመዱ የልጃቸውን የጫማ ማሰሪያ እየፈታ ነበር፤ ሳያስበው መልሶ ቋጠረው። «እንሂድ እንዴ?» አላት፣ ምን በወጣን ትለኛለች ብሎ ተስፋ እያደረገ።

«እንሂድ» አለች። አነጋገሯ ግን ጥርሷን ልትነቀል የምትሄድ ሰው ይመስል ነበር። «ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ልጅቷን ትይዝልናለች።»

ገመዱ ለራሱ ማለ። ሰማይ ምድር ቢደባለቅ ከዚያ ወንበር ንቅንቅ አልልም አለ።

ቅዳሜ ሲኒማ ቤቱ በወጣቶች ተጨናንቋል። ቦታቸውን ሲይዙ ባልና ሚስቱ ትንሽ ተነታረኩ፤ ሁለቱም ከመተላለፊያው ዳር መቀመጥ ፈልገዋል።

«እግሬን ልዘርጋ እንጂ፤ ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት» አለች።

ገመዱም ቁጭ ብሎ አልዋለም፤ ግን ዳሩን ለቀቀላት። ማምለጫዬን በገዛ እጄ ዘጋሁ ማለት ነው አለ በልቡ። ይሁን፣ እንዲያውም ይሻላል።

መብራት ጠፋ፣ ፊልሙ ጀመረ። ሙታኑ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብዛትም ፍጥነትም ጨምረዋል። ወጣቶቹ አንዴ ይጮኻሉ፣ አንዴ ይስቃሉ። ገመዱ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው እያጮለቀ ተቀመጠ። በመጨረሻ በክፍል አንድ የተረፈችው ሴትዮ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ወደ አንድ ምድር ቤት ወረደች። ጭል ጭል የሚል መብራት አለ። እጇን ወደ አንድ የብረት በር ዘረጋች። ገመዱ ሁለተኛውንም ዓይኑን ጨፈነ። የበሩ ሲጥጥታ ተሰማ፤ ከዚያ ድምፁ ድንገት ቆመ።

ዓይኑን ሲገልጥ ሲኒማ ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ሆኗል። መብራት ተቋርጧል። አንዲት ልጅ ጮኸች፣ ከኋላ አንዱ አፏጨ፣ ከወደ በሩ ሠራተኛው «ባላችሁበት ቆዩ፣ ጄኔሬተሩ አሁን ይነሳል» አለ።

ገመዱ በራሱ ተገረመ። ሥዕሉ ሲጠፋ ፍርሃቱም አብሮ ጠፍቷል። ጨለማ ለሱ የእንጀራው ቦታ ነው፤ በጨለማ ውስጥ መቀመጥ ይችልበታል። ሚስቱን አይዞሽ ሊላት እጁን ሰደደ። እጁ ወንበር ብቻ አገኘ።

ስሟን ጠራ። መልስ የለም። የስልኩን መብራት አብርቶ ወለሉን ሲያይ፣ የተደፋ ፈንዲሻ መሀል አንድ እግር ጫማዋ ተገልብጦ ተኝቷል። አሁን የፈራው ሙታኑን አልነበረም። ወድቃ ይሆን? ሰው ረግጧት ይሆን? ጫማውን ይዞ፣ የሰው እግር እየረገጠ ይቅርታ እያለ፣ በጎን በር ወጣ።

ከበሩ ጀርባ ጠባብ ኮሪደር አለ። ሚስቱ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ከእሳት ማጥፊያው ሥር፣ አንድ እግሯ ባዶውን ሆኖ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ተጎዳሽ እንዴ?»

«አልተጎዳሁም።» ቀና ብላ አላየችውም። «ጥዬህ ወጣሁ።»

«መብራት ሄዶ ነዋ።»

«መብራት ሳይሄድ ነው የወጣሁት። ሴትዮዋ በሩን ስትነካ ነው የተነሳሁት።» ከዚያ አፏ ተፈታ። «ያን ጊዜም እንዲሁ ነው ያደረግኩት። ያ ሊፍት ሲከፈት አንተን ጥዬ ሮጥኩ። በጀርባ ዞሬ በዋናው በር ገብቼ ስቆም አንተ መጣህ። ፍለጋ ወጣሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው። ሊያገባኝ የመጣ ሰው ጥዬ እንዲህ ካደረግኩ ነገ ምን ልሆን ነው እያልኩ ስንት ሌሊት አሰብኩ መሰለህ። ዛሬ እንሂድ ያልኩህም አንዴ እንኳ ቁጭ ብዬ ልጨርሰው ብዬ ነበር። ይኸው፣ አልቻልኩም።»

ገመዱ ጫማውን እንደያዘ አጠገቧ ቆመ። «ከሥራ ተደውሎልኝ ነው አላልኩሽም ያን ዕለት?» አላት።

«ብለኸኛል።»

«ስልኬ እኮ ቤት ነበር። ቻርጅ ላይ ሰክቼው ነው የመጣሁት።»

ያን ጊዜ ቀና አለች። «ታዲያ የት ነበርክ?»

«ከጋዜጣ ኪዮስኩ ጀርባ። ተቀምጬ።»

«ሮጠህ?»

«እንዴት እንደወጣሁ እንኳ አላውቅም። ከአንቺ ቀድሜ ሳልወጣ አልቀርም።»

«በየት በኩል?»

«በግራ።»

«እኔ በቀኝ» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ። ሳቋ ነበር። ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም አጠገቧ ዘጭ አለ። አንዱ ሲያቆም ሌላው እየጀመረ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁለቱም በአንድ አልጋ ተኝተው ለየብቻቸው ሲያፍሩ ኖረዋል።

የሲኒማ ቤቱ ሠራተኛ የእጅ ባትሪ ይዞ ብቅ አለ። «ምን ሆናችሁ? ችግር አለ?»

«የለም ወንድሜ» አለው ገመዱ ዓይኑን እየጠረገ። «የቆየ ነገር ነው።»

ጄኔሬተሩ ተነስቶ ፊልሙ ሲቀጥል ተመልሰው ገቡ፤ ማንም አላስገደዳቸውም። የቀረውን ያዩት ተቃቅፈው ነው፣ አዩት ከተባለ። ሚስቱ ፊቷን ትከሻው ላይ ደፍታ «አለፈ?» ትለዋለች።

«እንጃ፣ እኔም አላየሁም።»

ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «አልፏል» ብላ ታስታውቃቸዋለች። አንዴ ሙታኑ መሀል ላይ የቆመ ሊፍት ሲያናውጡ ገመዱ ጎንበስ ብሎ «ይሄ እንዲህ አይከፈትም፤ ከላይ መቆለፊያ አለው» ብሎ በሚስቱ ጆሮ ሹክ አለ። እሷም በቃሉ ተማምና ያን ትዕይንት ዓይኗን ሳትጨፍን አየችው።

ሲወጡ ገና ፀሐይ አለ። አውቶቡስ አልፏቸው ሄደ፤ ሌላ አልጠበቁም፣ በእግራቸው አዘገሙ። ገመዱ ከባድ የዕቃ ቦርሳ ከትከሻው ያወረደ ያህል ሰውነቱ ቀሎታል። አንዴ ከተጀመረ አይቀር ብላ ሚስቱ፣ የሰጣትን ግራጫ ሹራብ ለሥራ ጓደኛዋ ማስተላለፏን ነገረችው። እሱም የኩሽናውን ቧንቧ የጠገነው ጓደኛው እንጂ እሱ እንዳልነበር ተናዘዘ።

«ሌላስ?» አለችው።

«ለዛሬ ይበቃል።»

ቤት ሲደርሱ ልጃቸው በሩን ከፍታ የአባቷን ሱሪ ያዘች። «አባዬ፣ ፈራህ?»

«በጣም ፈራሁ።»

«እማዬስ?»

«እኔማ ከሱ የባስኩ ነኝ» አለች እናቷ፣ ጫማዋን እያወለቀች።

አማቱ ከሶፋው ላይ ሆነው አንዴ ገመዱን፣ አንዴ ሚስቱን አዩ። «እንዲህ የምትፈሩ ከሆነ ታዲያ ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?»

ገመዱ ሊመልስላቸው አፉን ከፈተ፤ ሚስቱን ሲያያት ግን ሳቁ ቀደመው። ልጅቷም ምን እንዳሳቃቸው ሳታውቅ አብራቸው ሳቀች።