በኩፖን የተያዘ ወገብ

ሰፈሩ «መርፌ» የሚላት ልብስ ሰፊ ዕድሜዋን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ ወገቧን ጨረሰችው። ምራቷ ይህን አይታ አንጀቷ ስላልቻለ፣ ቤት ለቤት እየዞረ ማሳጅ ከሚሰጥ ድርጅት የቅናሽ ኩፖን ገዝታ በስልክ ላከችላት።

«እማዬ፣ ከቤት መውጣት የለብሽም፤ እነሱ ይመጣሉ» አለቻት።

መምጣታቸው ግን ቀላል አልሆነም። መርፌ መጀመሪያ ስትደውል ኩፖኑ ቅዳሜና እሑድ አይሠራም ተባለች። በሥራ ቀን ስትደውል ደግሞ የኩፖን ደንበኞች ቦታ ሞልቷል አሏት።

«ሙሉውን ለሚከፍልስ?»

«ለእሱ ነገም አለ» አላት ስልክ ያነሳው ሰውዬ፣ ትንሽ እንኳ ሳያፍር።

በስንት ልመና ቀን ተሰጣት። ባለሙያዋ መጥታ ካጣቻት ኩፖኑ እንደሚቃጠል ስለነገሯት ክር ለመግዛት እንኳ ከደጃፍ አልወጣችም። የመጣ ሰው የለም። ሌላ ቀን ቀጠሩላት፤ ያንንም ቀን በር በሩን ስታይ ዋለች።

«ስጦታ መስሎኝ ነበር» አለች ለጎረቤቷ፤ «ለካስ የቁም እስር ኖሯል።»

ተስፋ ከቆረጠች በኋላ ባለሙያዋ መጣች። የሚታጠፍ አልጋ በትከሻዋ አንጠልጥላ ፎቁን የወጣች፣ ትንፋሽ ያጠራት ወጣት ሴት ነበረች። ክፍሉን ቃኘች። የስፌት መኪናው፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ የመርፌ አልጋና በየግድግዳው የተንጠለጠለው የሰው ልብስ ቦታውን ይዘውታል። ባዶ የነበረው ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ብቻ ነው። አልጋውን እዚያ ዘረጋችው። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለሆነ አልጋው እንደ መወርወሪያ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

መርፌ በሆዷ ተኛች። «ወገቤን ነው፣ ልጄ።»

«ኩፖንዎ የሚለው ትከሻና አንገት ነው፣ እትዬ። ወገብ ሌላ ፓኬጅ ነው።»

«ትከሻዬ ምን በደለ?»

«እኔ ያወጣሁት ሕግ አይደለም» አለች ልጅቷ፤ ቅባቱን እጇ ላይ እያሞቀች።

የኩፖኑ ግማሽ ሰዓት አለቀና መርፌ ልትነሳ በክርኗ ተደገፈች። ወገቧ እዚያው ቀጥ አለ። ወደላይም ወደታችም አልሆነላትም፤ ላብ አጠመቃት። ባለሙያዋ ብብቷን ይዛ ልታነሳት ስትሞክር ሕመሙ ስላስጮኻት ለቀቀቻት። ጩኸቱን የሰማችው ጎረቤት በሩን ከውጭ ስትገፋው አልጋው ተናወጠ።

«ተይው፣ አትንኪው!» አለች መርፌ።

ያን ጊዜ ሁለቱም ነገሩ ገባቸው። መርፌ ካልተነሳች አልጋው አይታጠፍም፤ አልጋው ካልታጠፈ በሩ አይከፈትም።

የባለሙያዋ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው፤ ቀጣዩ ደንበኛ እየጠበቀ ነበር። ያለችበትን ነገረችውና ከመርፌ ጋር ልነጋገር ሲላት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት።

«ወገብዎን ከታሹ ኩፖኑ ይሰረዝና በሙሉ ዋጋ ይታሰባል። ይስማማሉ?»

«ባልስማማስ?»

«እንግዲያው ባለሙያዋ ሥራዋን ጨርሳለች፤ አሁኑኑ መውጣት አለባት።»

«በየት በኩል?» አለች መርፌ።

ባለሙያዋ ስልኩን ዘግታ የስፌት መኪናው ላይ ደፋችው፤ እጅጌዋንም ወደላይ ሰብስባ የመርፌን ወገብ ማሸት ጀመረች። ስልኩ ደጋግሞ ቢጮህም ዞራ አላየችውም።

«ምነው ይህን ሥራ ብትተዪው?» አለቻት መርፌ ፊቷን እንደደፋች።

«አልጋው የእነሱ ነው፣ ደንበኛውም የእነሱ ነው። ከወጣሁ እጄን ብቻ ይዤ ማን ደጅ እሄዳለሁ?»

የመርፌ ወገብ እንደ ተወሳሰበ ክር አንድ ሲል ጠብቆ፣ አንድ ሲል ላልቶ፣ በመጨረሻ ለቀቃት። ተቀመጠች፤ ከዚያም ቆመች። አልጋው ታጥፎ በሩ ሲከፈት ጎረቤቷ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማ ነበር። ባለሙያዋ ደህና ሁኑ እንኳ በወጉ ሳትል ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

ኩፖኑ ተሰረዘ፤ ሙሉው ዋጋ ከምራቷ ሂሳብ ላይ ተቆረጠ። መርፌም በማግስቱ የሰው ልብስ እጇ ላይ ስለነበር እዚያው መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ወገቧ መልሶ ያስቸግራት ጀመር። ያችን ልጅ አስጠራለሁ ብላ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ራሷ ነበረች።

«አንቺ ነሽ?» አለች መርፌ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ክፍል ነው ያስቀመጡኝ። ወገብዎ እንዴት ነው?»

«ያው ነው። አንቺስ?»

«ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። እኔም ወገቤን ያዘኝ።»

«እንግዲያው ተነሺና ትንሽ ቁሚ፣ ልጄ።»

«አልችልም» አለች ልጅቷ። «የማዳመጫው ገመድ አጭር ነው።»