ከደሟ የተገኘው ኢንሱሊን

ወጣቷ ሐኪም ሰዓት ሠሪውን ከሚስቱ አልጋ ዳር አስነስታ ወደ ኮሪደሩ ይዛው ወጣች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«አባባ፣ እርስዎ የስኳር ሕመምተኛ ነዎት፤ ኢንሱሊን ከቤትዎ አይጠፋም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የባለቤትዎ ስኳር እየወረደ የሚጥላቸው ደማቸው ውስጥ ከልክ ያለፈ ኢንሱሊን ስላለ ነው። እሳቸው ደግሞ የስኳር ሕመም የለባቸውም። ታዲያ ከየት መጣ?»

ነገሩ ቆይቶ ነው የገባው። ሲገባው ግድግዳውን ተደገፈ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር ክፉ ቃል ተናግሯት ያውቃል፤ አኩርፏት ውሎም ያውቃል፤ ሊጎዳት ግን አስቦ አያውቅም። ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን አልመጣለት አለ። ይህች ልጁ ልትሆን የምትችል ሴት ሚስቱን ከእሱ ከራሱ ልትጠብቅለት መቆሟን ሲያስብ ጭራሽ ሆዱ ባባ።

«መድኃኒቴን ሁሉ አመጣልሻለሁ፤ እዚሁ ቆልፊበት። እየመጣሁ እወጋለሁ» አላት። «አንቺ ብቻ ምክንያቱን ፈልጊልኝ።»

ሐኪሟ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አብራው ተቀመጠችና ሁሉንም ከመጀመሪያው እንዲነግራት ጠየቀችው።

ሚስቱ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ምሳ በልታ ብዙም ሳትቆይ በላብ ተጠመቀችና ባሏን ተማሪዋ አድርጋ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። ሃምሳ አራት ቢላት ግድግዳው ጋ አቆመችው። ያን ቀን ስቀው አለፉት። በማግስቱ ግን ከወንበሯ ወደቀች። አዲስ የጀመረችው መድኃኒት እንዳለ ሲጠየቅ፣ ልቧን የሚያስመታትን የእንቅርት ሕመም እንዲያስታግስላት ከሁለት ወር በፊት የታዘዘላትን ክኒን አስታወሰ።

የሐኪሟ እስክሪብቶ ቆመ። አልፎ አልፎ፣ እጅግ አልፎ አልፎ፣ በዚያ ክኒን ሰበብ የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን ኢንሱሊን እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቆ እንደሚይዘውና በኋላ ያለ ጊዜው እንደሚለቀው አስረዳችው። ክኒኑ ያንኑ ቀን እንዲቆም አደረገች፤ የሚስቱም ደም ሩቅ ወዳለ ላቦራቶሪ ተላከ።

በዘጠነኛው ቀን ውጤቱ መጣ፤ እንደገመተችው ነበር። ይቅርታ ልትጠይቀው ስትጀምር አላስጨረሳትም፤ ግንባሯን ሳማት።

የተጠረጠረበትን ነገር ለሚስቱ ሲነግራት ትራሷ እስኪርገፈገፍ ሳቀች።

«አንተ? የራስህን መርፌ እንኳ ዓይንህን ጨፍነህ እኮ ነው የምትወጋው!»

ስኳሯ ተመልሶ እስኪረጋ ወራት ሊወስድ ይችላል ተብለዋል። እስከዚያ ጥቂት ጥቂት እየበላች መጠበቅ ነው። ምሳዋ መጣ፤ ግማሹን ቀመሰችና ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችለት። እሱም መዳፏን በመዳፉ ውስጥ አድርጎ ጠበቀ። ላብ የለም። ስኳሯ ሊወርድ የሚችልበት፣ ከምሳ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ግን ገና አልሞላም።