ቀድሞ የመጣው መኪና

ሕሊና ከደብረ ብርሃን ተዛውራ አሶሳ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ሥራዋ ለመላ አገሪቱ የሚሆን የልጆች ስፖርት ፕሮግራም መንደፍ ነበር፤ ማየት የተሳነውም፣ መራመድ የተሳነውም፣ ሮጦ የማይጠግበውም ልጅ በአንድ ሜዳ የሚጫወትበት። በእሷ ንድፍ ልጆቹ ከየመንደሩ በመኪና ተለቅመው ይመጡና ለሳምንት ካምፕ ይገባሉ። ማደሪያ ስለማይበቃ ወላጅ አብሮ አይመጣም። አዲስ አበባ ያሉት አለቆቿ ንድፉን ወደዱት፤ ሙከራው አሶሳ ላይ ይጀመር ተባለ።

በባምባሲ መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት የበርታ መንደር ስትሄድ ግን አካል ጉዳት ያለበት አንድም ልጅ አላየችም። ሰዉ በትሕትና ተቀበላት፤ ውሃ አቀረበላት፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልጅ የለም አላት። ከአንድ ጎጆ ውስጥ የልጅ ሳል ተሰማ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል።

የጎጆው ባለቤት አብዱልረሂም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ እሷ ቱታ የለበሱ ሰዎች መጥተው እንደነበር ነገሯት። እግሩ አልታዘዝ ያለውን የልጅ ልጃቸውን እናሳክመዋለን ብለው ወሰዱት። ኋላ አንድ የመንደሩ ነጋዴ በሩቅ ከተማ አስፋልት ዳር ሲለምን አየው፤ ከማዶ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ነበር። ነጋዴው ፖሊስ ጠርቶ ሲመለስ ልጁ የለም።

«ልጅ ወሰዱ። አልመለሱም» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ ትመልሻለሽ?»

እመልሳለሁ አለች ሕሊና።

በስንት ልመና በሩ ተከፈተ። የወጣችው የጠፋው ልጅ እህት ሂባ ነበረች፤ ዓይኗ አያይም። ሕሊና ሆዱ ውስጥ ቃጭል ያለበትን ኳስ አንከባለለችላት። ልጅቷ ድምፁን ተከትላ በእግሯ አስቆመችውና ሳቀች። አያቷ ፊታቸውን አዞሩ።

ወሬው ተዛመተ፤ ሬዲዮም ልጆቹ የሚሰባሰቡበትን ዕለት አስነገረ። ከየጓዳው የተደበቁ ልጆች ብቅ ብቅ አሉ። ደስ ሊላት ሲገባ የሕሊና ልብ ይፈራ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሜዳውን በኖራ ስታሰምር፣ ንጹሕ የለበሰ ቀጠን ያለ ሰው አጠገቧ ቆመ። የበጎ አድራጎት ሠራተኛ ነኝ ብሎ ሥራዋን አመሰገነ። ስለ ጨዋታው ምንም አልጠየቀም፤ የጠየቃት ወላጆች አብረው ያድሩ እንደሆነ ብቻ ነው። አያድሩም አለችው።

«ጥሩ አስባችኋል» ብሎ ሄደ።

በቀጠሮው ጠዋት የቢሮውን መኪና ይዛ መንደሩ ስትደርስ ሰዉ መንገድ ላይ ፈስሷል። አብዱልረሂም የሂባን ክንድ አጥብቀው ይዘዋል። ነጭ ሚኒባስ ቀድሟት መጥቶ ነበር። ከውስጡ የወረደው ንጹሕ የለበሰ ቀጭን ሰው ሕሊና ልካኝ ነው ብሏል፤ የኳሱን ነገር ሳይቀር ያውቃል። ሽማግሌው እኔም ልሳፈር ቢሉት፣ ወላጅ አይፈቀድም፣ የፕሮግራሙ ደንብ ነው አላቸው። እሳቸው የሂባን እጅ አልለቀቁም። ከታችኛው መንደር ግን ሁለት ልጆች ተሳፍረው ሄደዋል።

«ውሸቱን ነው አይደል?» አሏት።

«ደንቡስ እውነት ነው አባባ» አለች ሕሊና። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ለፖሊስ ደወለች። ሚኒባሱ አመሻሽ ላይ ከአንድ ኬላ ወዲህ ቆሞ ተገኘ። ልጆቹ ኋላ ወንበር ላይ ተቃቅፈው ተቀምጠዋል፤ ሹፌሩና ቀጭኑ ሰው የሉም።

ልጆቹን እናቶቻቸው እጅ ካስረከበች በኋላ ሕሊና ካምፑን ሰረዘች። ንድፉንም ለወጠች፦ ልጅ ከመንደሩ አይወጣም፤ ኳሱ ነው ወደ ልጁ የሚሄደው። ይህንኑ ለመንገር አዲስ አበባ ወዳለው አለቃዋ ወደ ስለሺ ደወለች። ስለሺ አድምጧት ሲያበቃ፣ የመጀመሪያው ንድፍ ሙከራው ሳያልቅ በሌሎች ክልሎችም ታውጇል፤ አንዱ ክልል ልጆቹን ማጓጓዝ ጀምሯል አላት።

«ከአሶሳ የላክሽው አስተባባሪም ደርሶላቸዋል» አለ።

«እኔ ማንንም አልላክሁም» አለች ሕሊና።