በየገጹ ማኅተም ያረፈበት ማንበቢያ

በቢቸና የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነችው ሰገነት አለቃዋን አቶ አስናቀውን ደግ ሰው ናቸው ትላለች፤ ማኅተም እስኪነሣ ድረስ። ማኅተም ከተነሣ ወላጅ አባታቸውንም አያውቁም። ከቢሮው የሚወጣ ጽሑፍ ሁሉ በኮምፒውተር ይተየባል፤ በወረቀት ይታተማል፤ እሳቸው በየገጹ ማኅተም ያሳርፉበታል፤ ከዚያ እንደገና ስካን ተደርጎ በኢሜይል ይላካል።

በ2009 ዓ.ም. በዚያው ቢሮ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ቦታ ፈተና ወጣና ለተፈታኞቹ አርባ ገጽ ማንበቢያ በዚሁ ወግ ተላከ። በማግስቱ ከሞጣ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ እንዳለው የሚባል መምህር ነው። ዓይነ ስውር ነው። ሚስቱና ልጆቹ ቢቸና፣ እሱ ሞጣ ሲኖሩ አራት ዓመታቸው፤ አንድ ቤት የሚገቡት ይህን ፈተና ካለፈ ብቻ ነው።

«እቴ ሰገነት፣ የላክሽልኝ ባዶ ነው።»

«ኧረ መምህር! አርባ ገጽ እኮ ነው!»

«ለሚያይ ሰው ይሆናል። የእኔ ኮምፒውተር ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ፊደል ሲያገኝ ነው፤ ይህ የወረቀት ፎቶ ነው። መጀመሪያ የተየብሽውን ላኪልኝ፤ ፈተናው ሐሙስ ነው።»

ወደ አለቃዋ ገብታ ነገረቻቸው።

«ማኅተም የሌለው ወረቀት የማንም ወረቀት ነው» አሉ አቶ አስናቀው። «ሰው ያንብብለት።»

ሰገነት ተናደደች። አርባ ገጽ በሦስት ቀን ማን ሥራውን ፈትቶ ያነብለታል? አለቃዋ ለምሳ እስኪወጡ ጠብቃ የተየበችውን ላከችለት። ቢታወቅ ከሥራዋ እንደምትባረር አላጣችውም።

መምህር እንዳለው ፈተናውን አንደኛ ወጣ። የቅጥር ደብዳቤውን ሊወስድ ሲመጣ አቶ አስናቀው ብድግ ብለው ጨበጡት።

«ጎበዝ! ማንበቢያውን ታዲያ ማን አነበበልዎ?»

ሰገነት ክው አለች።

«ኮምፒውተሬ ነው ጌታዬ። ሰገነት የተየበችውን ልካልኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ ገጽ ሃያ ሦስት እንዳለ ገጽ ሃያ አራት ላይ ተደግሟል። ማሽኑ የተሳሳተ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አስነበብኩት።»

ከሌሎቹ አሥራ አንድ ተፈታኞች ይህን ያነሣ አልነበረም። ሰገነትም ራሷ ተይባው ልብ አላለችም።

አቶ አስናቀው ማንበቢያውን ከመደርደሪያ አውርደው ገለጡ። ሁለቱ ገጾች አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ላይ የእሳቸው ማኅተም ጥርት ብሎ አርፏል። ሰገነትን ሊቆጧት ዞረው ነበር፤ ተዉት። ከዚያ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና ከገጽ አንድ ጀምረው ያነቡ ጀመር።