የአብሮ ነዋሪ ቃል

«ሦስት ጥያቄ ነው የሚጠይቁዎት፤» አለ ወርቅ ሠሪው፣ ወንበሩን ወደ ሚስቱ እናት እያስጠጋ። «ይስማማሉ ወይ ሲሉዎት፣ አዎ። ቤት ውስጥ ጠብ አለ ወይ ሲሉዎት፣ የለም። ይፈርሙ ሲሉዎት፣ መፈረም። አለቀ። ታሪክ እንዳያበዙብኝ።»

አያት ቦርሳቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ቁጭ አሉ። በመሣሪያ ፈቃድ ክፍሉ መጠበቂያ ሃያ የሚሆን ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ሽጉጡ ተመርጧል፤ ሻጩ ዘንድ ስሙ ተጽፎበታል፤ የቀረው ፈቃዱ ብቻ ነው። ሕጉ ደግሞ መሣሪያ የሚገባበት ቤት ውስጥ የሚኖር አዋቂ ሁሉ ቀርቦ ቃሉን ይስጥ ይላል። ልጃቸው ትናንት ቀርባ ፈርማለች። የቀሩት እሳቸው ናቸው።

እውነት ለመናገር፣ የአማቻቸው ፍርሃት የውሸት አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት በጠራራ ፀሐይ ሁለት ጎረምሶች ሱቁ ገብተው፣ ግንባሩ ላይ አፈሙዝ ደቅነው፣ የሦስት ሳምንት ሥራውን በፌስታል ጠርገው ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ በር በተከፈተ ቁጥር ይበረግጋል። አያትም ያን ቀን አልቅሰውለታል። ግን ላዘኑለት ሰው ማልቀስ ሌላ፣ ሽጉጥ ይዞ ወደ ቤት ይግባ ማለት ሌላ። ቤት ደግሞ አንበጣ አለች፤ አንድ ቦታ አትቀመጥምና እንዲህ የሚሏት የልጅ ልጃቸው። ስድስት ዓመት አልሞላትም፣ የአባቷ ቁልፎች የት የት እንደሚደበቁ ግን ከአባቷ ይልቅ ታውቃለች።

«ሌባው ቅጽ ሞልቶ ነው እንዴ የገዛው?» አለ ወርቅ ሠሪው፣ ወረፋው እያበሸቀው። «እሱን የሚጠይቀው የለም። እኔ ሕጋዊው ሰውዬ ግን የአማቴን ፊርማ ልለምን!»

«ሌባው እኛ ቤት አያድርማ፤» አሉ አያት።

አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ሳቁን ዋጠ። ወርቅ ሠሪው ፊቱ ደም መሰለ።

ጸሐፊው ተራቸውን ሲጠራ ሁለቱንም አንድ ላይ አስገባቸው። ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው ብዕሩን አቀበላቸው። «እናቴ፣ ይስማማሉ አይደል? እዚህ ጋ።»

አያት መነጽራቸውን አወጡ። የተማሩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም፣ የመብራት ደረሰኝ ሳይቀር ከላይ እስከ ታች ካላነበቡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ አንድ ቦታ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ‹አብሮ ነዋሪ ቃሉን የሚሰጠው አመልካቹ በሌለበት ነው› ይላል።»

«እሱ እንኳ ለወጉ ነው። ውጭ ስንት ሰው ቆሟል መሰለዎት!»

«ይቁማ። እሱ ይውጣልኝ።»

«እማማ!» አለ ወርቅ ሠሪው በጥርሱ መሃል።

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤» አሉ አያት ጸሐፊውን እያዩ። ጸሐፊው ተነፈሰና በብዕሩ ጫፍ በሩን ለወርቅ ሠሪው አሳየው።

በሩ ሲዘጋ «አልስማማም» አሉ።

«ምክንያት?»

«እፈራለሁ።»

«ፍርሃት ብዬ ብጽፍ አለቃዬ ይመልስብኛል፣ እናቴ። ሆነ የሚሉት ነገር ካለ እሱን ይንገሩኝ።»

ሆነ የሚባለው ነገርማ አለ። ባለፈው ወር ልጃቸው ከባሏ ጋር ተጣልታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች። እሱ የወርቅ መቀጥቀጫ መዶሻውን አምጥቶ በሩን በረቀሰው። ቀዳዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ለጥፈውበት ሁሉም እንዳላየ ያልፋል። ልጃቸው ትናንት እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ጠብ የለም» ብላለች። አፋቸውን ከከፈቱ ልጃቸውን ውሸታም ሊያደርጓት ነው። ካልከፈቱ ደግሞ ያ እጅ በሚቀጥለው ጊዜ መዶሻ ፍለጋ አይሄድም።

«በር ሰብሯል፤» አሉ። «በመዶሻ። ልጄ ከበሩ ኋላ እያለች።»

«ልጅዎ እንዲህ አላለችም።»

«ልጄ ከእሱ ጋር ነው የምታድረው። እኔም ብሆን አልልም።»

ጸሐፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያቸው። ቃል ሲጋጭ ቤቱ እንደሚታይ፣ የክፍሉ ተቆጣጣሪም ዛሬውኑ ከሰዓት እንደምትመጣ ነገራቸው። እስከዚህ ደህና ነበር። ከዚያ ግን የሰነፍ ሥራ ሠራ፤ ወርቅ ሠሪውን መልሶ ጠራና «በርዎን ሊያዩ ይመጣሉ፣ ቤት ይጠብቁ» አለው።

ወርቅ ሠሪው ገና ከደረጃው ሳይወርድ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። አያት በአውቶቡስ ተንገላተው ቤት ሲደርሱ የጠራው አናጢ አዲስ በር ግድግዳ ላይ አስደግፎ ካቻቢቴ ይፈልጋል።

አያት ከወጥ ቤት በርጩማ አመጡ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘጉና በጀርባቸው ተደግፈውት ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ማጠፊያውን ልፍታው፤» አለ አናጢው።

«ሆዴን ቆርጦኛል። መታጠቢያ ቤቱን እፈልገዋለሁ።»

«ታዲያ ይግቡ!»

«ገና አልመጣልኝም።»

አናጢው ሳቀ። ወርቅ ሠሪው አልሳቀም።

«ተነሺ!» አለ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንቺ ሲላቸው የመጀመሪያው ነው። «ከቤቴ በር ላይ ተነሺ፣ አንቺ ነገረኛ አሮጊት!»

ልጃቸው አንበጣን ከኋላዋ ደብቃ መጣች። ዓይኗ ግን የተቆጣው በእናቷ ላይ ነው።

«እማዬ፣ በናትሽ ተነሺ። አንቺ ተናግረሽ ትሄጃለሽ፤ ከእሱ ጋር የምቀረው እኔ!»

«የት እሄዳለሁ?»

«አርጅታለች፣ ነገር ይምታታባታል ነው የምላቸው። እወቂው!»

«በያቸው። በሩስ አርጅቶ ነው?»

ይሄኔ ወርቅ ሠሪው የበርጩማውን እግር ይዞ ከነአማቱ ጎተተው። አያት የበሩን እጀታ ጨበጡ። አናጢው ካቻቢቴውን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ኧረ ወንድሜ! እናት እኮ ናቸው! እኔ በር ልቀይር ነው የመጣሁት፣ ሰው ላስጎትት አይደለም።» አዲሱን በር ተሸክሞ ሲወጣ ደረጃው ላይ ከተቆጣጣሪዋ ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፈ።

ተቆጣጣሪዋ ወሬ አላበዛችም። የቀን መቁጠሪያውን ገልጣ አየችና ወደ ልጃቸው ዞረች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቁልፉ... ቁልፉ እምቢ ብሎን ነው። ለመክፈት።»

«ቁልፉ ወገቤ ልክ ነው፤» አለች ተቆጣጣሪዋ። «ቀዳዳው ፊቴ ልክ።»

ልጃቸው የቀን መቁጠሪያውን መልሳ ለጠፈችው። ተቆጣጣሪዋ ቆማ ጻፈች፦ አብሮ ነዋሪ አልተስማማም፣ ምክንያቱ በዓይን ታይቷል፣ ፈቃድ አይሰጥም። ወረቀቱን ለወርቅ ሠሪው ስትሰጠው የተለመደውን አከለች። «በቤቱ የሚኖሩት ሰዎች ከተለወጡ እንደ አዲስ ማመልከት መብትዎ ነው።»

ነገሩ ለወርቅ ሠሪው ቀድሞ ገባው። ተቆጣጣሪዋ ወጥታ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ።

«እስከ ቅዳሜ ልብስዎን ይሰብስቡ፣ እማማ፤» አለ በቀስታ። አንቱታው ተመልሷል፤ ከስድቡ ይልቅ እሱ አስፈራቸው።

አያት ክፍላቸው ገብተው ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ሳቡ። ኩሩ ሰው ናቸው፤ ውጡ ከተባሉበት ቤት ውለው አያውቁም። እህታቸው ዘንድ ማረፊያ አያጡም። ሁለት ቀሚስ አጥፈው ከከተቱ በኋላ ግን እጃቸው ቆመ። የተቆጣጣሪዋ ቃል አሁን ነው የገባቸው። እሳቸው ከወጡ የምትጠየቀው ልጃቸው ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ፈርማለች። ቀሚሶቹን አንድ በአንድ መልሰው ሰቀሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ሲመለሱ ፍራሻቸው ተጠቅሎ ኮሪደር ላይ ተጥሏል። ወርቅ ሠሪው ሳሎን ተቀምጦ ጋዜጣ ይገልጣል። አያት የጥቅሉን ጫፍ ያዙና ወደ አንበጣ ክፍል መጎተት ጀመሩ። ልጃቸው እጇን አጣምራ መንገድ ላይ ቆመች፤ አታግዝ፣ አትከለክል።

«እማዬ፣ አልፈልግሽም ተብለሽ? ክብር የለሽም?»

«የለኝም፤» አሉ አያት እያለከለኩ። «መንገድ ልቀቂልኝ።»