ሸራው ላይ የወደቀው

ሐጂራ የሳቢሪንን ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ይዛለች። ሳቢሪን አልታገለችም፤ በግራዋ ግማሽ ቅርጫት ቀይ ቡና አቅፋ ቆማለች።

«አድርቂያት!» አለ አብዱልሃዲ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

አባቱ ሐጂራን «እርስዎ» ይላት ነበር። ሐጂራ ጂኒ ናት። ከሰርቦ በላይ ያለውን ይህን የቡና ጫካ ከሌባ ልትጠብቅ የማለችው ለአያቱ ነው። የሌባ እጅ ታደርቃለች፤ ለቅሶም ምልጃም አትሰማም። የአያቱን የገዛ ወንድም እጅ ሳይቀር አድርቃለች። ሕጉ አጭር ነው፦ ቅርንጫፍ ላይ ያለው የባለቤቱ፣ በራሱ የወደቀው የቃራሚው። በቃርሚያ ስንት ቤት ይከርማል።

ዘንድሮ አብዱልሃዲ ከየዛፉ ሥር ሰማያዊ ሸራ አነጠፈ። ሳቢሪን ደግሞ ከሸራው ላይ ለቀመች።

«አፈር ነክቷል? አልነካም» አለ። «አፈር የነካ ቡና ኤክስፖርተሩ አይወስድልኝም። ሸራው የኔ፣ ላዩ ያለውም የኔ። ሲምፕል ነው እኮ።»

«ወላሂ ጎበዝ ነህ» አለች ሳቢሪን። «ነገ ለዝናቡም አንጥፍለትና የኔ ነው በለን።»

ሐጂራ አልሳቀችም። በአብዱልሃዲ ነገር ውስጥ ስንጥቅ ፈለገች፤ ቶሎ አላገኘችም። ካጣች የሳቢሪንን እጅ ታደርቃለች፤ የምታውቀው ይህንኑ ብቻ ነው። ጣቶቿ መጥበቅ ጀመሩ። ሳቢሪን ጥርሷን ነከሰች። ያኔ አንዲት ፍሬ ከላይ ተፈትታ ሸራው ላይ ጠብ አለች። ሐጂራ አየቻትና አንጓውን ለቀቀች።

«ቅርንጫፉ የለቀቀው የእሷ ነው» አለች። «አንተ ከመሬቱ ቀድመህ እጅህን ዘረጋህ።»

«እኔ? ለአያቴ የማልሽውን ረሳሽ?»

«አልረሳሁም። ከሌባ ልጠብቅ ማልኩ። ሌባው ከየት እንደሚመጣ አያትህ አልነገረኝም።»

ሊሸሽ ሲል ያዘችው። ጣቶቹ እንደ ጀንፈል፣ ከነገለባው እንደ ደረቀ ቡና፣ ተጨማደው ወደ መዳፉ ታጠፉ። እጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ ሸራው ላይ ተቀመጠ።

«ከእንግዲህ አንቺን እጠብቃለሁ» አለች ሐጂራ።

ሳቢሪን የተጨማደደውን እጅ አየች። ደስ አላላትም።

«ዲሲ!» አለች በኦሮምኛ። «ይተዉኝ! ልጆቼ ከጎረቤት ግቢ ዘይቱና ይቀጥፋሉ። እጃቸውን ሊያደርቁብኝ ነው?»

«ከቅርንጫፍ ከሆነ፣ አዎ» አለች ሐጂራ፤ ቁልቁል መራመድ ጀመረች።

ሳቢሪን ቅርጫቷን አስቀመጠች። ወደ መንደሩ በሚወርደው ቀጭን መንገድ መሀል ቆማ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች።

«በዚህ አያልፉም። ማለፍ ካማረዎት ከእነዚህ ይጀምሩ።»

ሐጂራ እጆቹን አገላብጣ አየች። ከቅርንጫፍ የቀጠፈ አንድም ጣት የለም፤ ልታደርቃቸው ሕጉ አይፈቅድላትም። ሳቢሪን አላጠፈቻቸውም።