የጳጉሜን ጭስ

ነኢማ ለአንዲት አነስተኛ የጭነት አውሮፕላን ድርጅት የዓመቱን የሞተር ጭስ ዘገባ አዘጋጅታ የምትፈርም መሐንዲስ ነበረች። ጭሱ የሚሰላው ከተቃጠለው ነዳጅ ነው፤ የነዳጁም ልክ የሚገኘው ነዳጅ ቀጂው አቶ ገብረትንሣኤ በእጃቸው ከሚሞሉት ቅጽ ነው። እሳቸው ደግሞ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንጂ በሌላ ጽፈው አያውቁም።

ዘገባው ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጸድቆ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለው ቢሮዋ አሮጌ ቅጾችን ስታስር፣ ዓይኗ በአንድ ጥቅል ላይ ቀረ። ወር፦ 13። ለዘገባው ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚመልሰው የኮምፒውተር ፕሮግራም አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅምና የጳጉሜንን ቅጾች ትንፍሽ ሳይል ጥሏቸዋል። የአምስት ቀን ጭስ በእሷ ፊርማ እንዳልነበረ ሆኗል።

ወረቀቶቹን ታቅፋ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

«አቶ ፍስሃ፣ ሐሰት ላይ ፈርሜያለሁ። ይታረምልኝ።»

ፍስሃ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ጳጉሜን እኮ ደመወዝ እንኳ የለውም! አሁን ጭሱ አሳሰበሽ?»

«ፊርማው የእኔ ነው።»

«ያጸደቁት እነሱ ናቸው፤ እነሱው ይክፈቱት። እኔ በራሴ ላይ ደብዳቤ አልጽፍም።»

በማግስቱ ዘገባውን ወዳጸደቀው መሥሪያ ቤት ሄደች። ባለሙያዋ ሳምራዊት ቅጾቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እውነትሽን ነው፣ እህቴ። ግን የጸደቀ ዘገባ የሚከፈተው በድርጅቱ ኃላፊ ደብዳቤ ነው።»

«እሳቸው እናንተ ክፈቱት ይላሉ።»

«እኛ ደግሞ እሳቸው ይጻፉ እንላለን። ምን ላድርግሽ?»

ነኢማ አራት ጊዜ ተመላለሰች። የሚቆጣት እንኳ አልተገኘም፤ ሁሉም አዝኖላት ሸኛት።

ዓመቱ ዞረ። ይህን ጊዜ የጳጉሜንን ቀናት ራሷ በእጇ ለውጣ፣ አንዲት ሊትር ሳታስቀር ደመረች። በኮምፒውተር የሚሞላው አዲሱ የዘገባ ቅጽ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ያለፈውን ዓመት ድምር አምጥቶ ትክክል መሆኑን እንድታረጋግጥ ጠየቃት። ማረሚያ ቦታ አልነበረውም፤ ሳታረጋግጥም ቀጣዩ ገጽ አይከፈትም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጇን አጣምራ ተቀመጠች።

ፍስሃ ብቅ አሉ። «ነኢማ፣ የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው። ካልገባ ነገ ፈቃዳችን ይታገዳል፤ ስልሳ ሰው ቤቱ ይቀመጣል።»

«የትኛውን ቁጥር እንደማረጋግጥ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ከበሩ ግን ፈቀቅ አላሉም።

«አረጋግጣለሁ» የሚለውን ተጫነችው። ከሐሰተኛው ቁጥር ሥር ስሟ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣ።